ቀን ያልተቆረጠለት ቀኖና

የአንዲት የካቶሊክ ቁምስና ምእመን ካህኑን «አባ ቶሎ» ነው የሚለው። ፊት ለፊት አይደለም፤ ዞር ሲል ነው። ቅዳሴው ገና ተጀመረ ሲባል ያልቃል፣ ስብከቱ ከረዘመ ደግሞ ሰዓታችን ተበላሽቷል ማለት ነው እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም ቅጽል ስሙን ሰምቶታል፤ እንዲያውም ደስ ብሎታል። ሁለት ቤተ ክርስቲያን ብቻውን ይዞ ሲሮጥ ውሎ ሲሮጥ የሚያመሽ ሰው፣ ቶሎ ባይል ምን ይሁን? ካህን ነውና አንቱ ልንለው ይገባ ነበር። ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ልቡ ድረስ ገብተን ልናየው ስለሆነ «እሱ» እንበለው፤ ይቅር ይበለን።

የዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የገባው በክፉ ብርድ ነበር። ጾሙ በሚጀመርበት በዐመድ ረቡዕ ዕለት፣ ያምናው የሆሣዕና ዘንባባ ተቃጥሎ ዐመዱ በሳህን ቀርቧል። አባ ቶሎ የሰዉን ግንባር ከመቀባቱ በፊት ለመስበክ ቆመ። እንደ ልማዱ በአጭሩ ሊገላገለው ነበር ያሰበው፤ ግን ከቅዳሴ በፊት በር ላይ የሰማው ነገር አብግኖታል። በዚህ ቁምስና በጾሙ መግቢያ ሁሉም ሰው ከሚወደው ነገር አንዱን እስከ ፋሲካ ለመተው ቃል ይገባል። ታዲያ አንዷ ኬክ ተውኩ ትላለች፤ ሌላው ስኳር ቀነስኩ ብሎ ይፎክራል፤ የመዘምራኑ አለቃ ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር መጣላት እንደተወ፣ ከፋሲካ በኋላ ግን ካቆመበት እንደሚቀጥል በኩራት ሲያወራ ሰምቶታል።

«እግዚአብሔርን ሕፃን አደረጋችሁት እንዴ?» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «በከረሜላ ትሸነግሉታላችሁ! ያላመማችሁን መስጠት መስጠት አይደለም። ስትተዉት ሥጋችሁ የሚጮህበትን ነገር ተዉ። እግዚአብሔር የሚያየው እሱን ነው።»

ንግግሩ ሰው ልብ ውስጥ የሚገባ ነበር። ራሱም ስላወቀው ሕዝቡን ቃኘ። ፊተኛው ወንበር ላይ እማማ ሻማ ራሳቸውን በአዎንታ ሲነቀንቁ አየ፤ ቢያንስ አንድ ሰው ገብቶታል ብሎም ተደሰተ።

እማማ ሻማ ማለት የመቅረዞቹ እመቤት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ የቤተ ክርስቲያኑን ሻማ የሚያበሩት፣ የሚያጠፉት፣ ወለል ላይ የፈሰሰውን ሰም በቢላዋ የሚፍቁት እሳቸው ናቸው። ምላሳቸው የተሳለ ነው፤ የሻማ ክር አጎደለ ብለው ሻጩን ሳይቀር አስለቅሰዋል ይባላል። ልባቸው ግን በሽተኛ ነው። ሴቷ ልጃቸው ልብስ ሰፊ ናት፤ አብራቸው ትኖራለች። በየጠዋቱ የልብ ኪኒናቸውን በእጇ አውጥታ፣ ውሃ ቀድታ፣ ሲውጡ አይታ ነው ወደ ሥራዋ የምትሄደው። ወንዱ ልጃቸው የጭነት መኪና ሾፌር ነው። በአባቱ ቀብር ላይ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ተጣልቶ ከወጣ ወዲህ ደጁን ረግጦ አያውቅም። እማማ ሻማ ስለ እሱ ሲጠየቁ «መንገድ ላይ ነው» ይላሉ፤ ሰውም ገብቶት ሌላ አይጠይቅም።

በመጀመሪያው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፍኖተ መስቀል ተደረገ። ሕዝቡ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት የሕማማት ሥዕሎች ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሻገረ ተንበረከከ፣ ጸለየ፤ ሲያበቃም ንስሐ የሚገባው ሰው ተሰለፈ። አባ ቶሎ መናዘዣው ውስጥ ገብቶ መጋረጃውን ሳበ። ክፍሉ ከቁም ሣጥን አይሰፋም። በካህኑና በተናዛዡ መካከል የተበሳሳ ጣውላ ስላለ ፊት አይታይም። ድምፅ ግን ይለያል፤ የሰም ሽታም ይለያል።

«አባ ይባርኩኝ፤ በድያለሁ» አሉ እማማ ሻማ። «ትዕቢት ይዞኛል።»

«የምን ትዕቢት?»

«የኔ ጾም ከሁሉም ይበልጣል ብዬ ሰዉን በልቤ ናቅኩት። ያቺን ኬክ ተውኩ ባይ በተለይ።»

አባ ቶሎ ሳቁን አፈነ። «እርስዎ ምን ተዉ?»

«ምን ቀረልኝና አባ! ጨዉንም ሥጋውንም ጣፋጩንም ሐኪሙ ቀድሞ ወስዶብኝ ለእግዚአብሔር የሚሆን አጣሁ። ኋላ እርስዎ ሥጋ የሚጮህበትን ስጡ ሲሉ፣ መድኃኒቴ ትዝ አለኝ።»

አባ ቶሎ ጆሮውን ወደ ጣውላው አስጠጋ።

«የልቤን ኪኒን ትቼዋለሁ» ሲሉ ቀጠሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ እንደ ልጅ ያለ ኩራት ነበረበት። «ልጄ ስትሰጠኝ ጉንጬ ሥር አደርገውና ስትወጣ እተፋዋለሁ። ደረቴ ሲወጋኝ ይሄ ለልጄ ነው እላለሁ፤ ለወንዱ። በዚህ ፋሲካ ንስሐ ገብቶ እንዲቆርብልኝ ተስያለሁ።»

«እማማ፣ ይሄ ጾም አይደለም። ራስን መግደል ነው!»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ያሉት?»

«እኔ እንደዚህ አልወጣኝም!»

«ጮክ ብለው ነው ያሉት አባ። እኔ ፊት ነበርኩ።»

አባ ቶሎ ክው አለ። ውጭ የተሰለፈው ሰው ያስላል፤ በሁለተኛው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሌላ ሕዝብ ፍኖተ መስቀል ይጠብቀዋል። ማስረዳት፣ ቁጭ ብሎ መለመን ነበረበት። እሱ ግን ነገሩን በአንድ ትእዛዝ ሊቋጨው ፈለገ። «እንግዲያው ቀኖናዎ ይሄ ነው፤ መድኃኒትዎን ይውሰዱ። ሌላ ጸሎትም ስግደትም አልፈልግም። ይፈጽማሉ?»

«የተሰጠኝን ቀኖና ሳልፈጽም ቀርቼ አላውቅም» አሉ አሮጊቷ፤ እውነታቸውን ነበር። አባ ቶሎም «እግዚአብሔር ይፍታዎ» ብሎ አሰናበታቸው።

ለማያውቅ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር መንገር ያስፈልጋል። ካህን በኑዛዜ የሰማውን ለማንም አይናገርም። በቃልም፣ በምልክትም፣ ሕይወት ለማዳንም፣ ተናዛዡ ከሞተ በኋላም አይናገርም። ተናዛዡን ራሱን እንኳ ውጭ አግኝቶ፣ እሱ ካላነሳው በቀር፣ «ያ ያልከኝ ነገር እንዴት ሆነ?» ብሎ አይጠይቀውም። አባ ቶሎ ይህን ሕግ ሲማር ቀላል መስሎት ነበር። አፍን መዝጋት ምን ይከብዳል? ብሎ ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ እማማ ሻማ ሥዕሎቹን ሲዞሩ ሁለት ጊዜ ዓምድ ተደገፉ። እግራቸው አብጦ ከጫማቸው ላይ ተርፏል። ሻማ ሊያጠፉ ትንፋሻቸው አልደርስ ብሎ በጣታቸው ቆነጠሩት። አባ ቶሎ ይህን ሲያይ ኪኒኑን እንዳልጀመሩት ወዲያው ገባው፤ ጸሎቱንም እየተሳሳተ ጨረሰው። መናዘዣው ውስጥ ገብቶ ሲመጡ ጠበቀ። ያ ሁሉ ሰው የነገረው ኃጢአት አንዱም ጆሮው ውስጥ አልገባም። እማማ ሻማ አልመጡም። ንስሐ የገቡት በቅርቡ ነው፤ ምን ይዘው ይመጣሉ?

እሑድ ዕለት፣ ከዓርብ ጀምሮ ሲያስጨንቀው የቆየውን ሐሳብ ሞከረ። ይህም ቢሆን ምሥጢር ማውጣት ይሆን እንዴ እያለ፣ እየፈራ፣ ለሁሉም በሚሆን ቃል ሰበከ። «ሕመምተኛ ጾም የለበትም። መድኃኒት መተው መሥዋዕት አይደለም፤ እግዚአብሔር የሰጠንን ሕይወት መናቅ ነው» አለ። እማማ ሻማ ፊተኛው ወንበር ላይ ሆነው እንደ ወትሮው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከቅዳሴ በኋላም በር ላይ ጠብቀው «ልክ ልኳን ነገሯት» አሉት።

«ማንን?»

«ያቺን ስኳር ያለባትን ጎረቤቴን ነዋ! ስንቴ መክሬያታለሁ መሰልዎ!»

የጾሙ ማለቂያ ሲቃረብ በቤተ ክርስቲያኑ ያሉት ሐውልቶችና መስቀሎች በሐምራዊ ጨርቅ ይሸፈናሉ። አሮጌው ጨርቅ ስለ ነተበ አዲሱን የምትሰፋው የእማማ ሻማ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መሰላል ላይ ወጥታ፣ ስፒሎች በከንፈሯ ይዛ፣ የቅዱስ ዮሴፍን ሐውልት ትከሻ በሜትር ትለካለች። እናቷ ከመሰላሉ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዝዟታል። አባ ቶሎ ሲያልፍ በዓይናቸው ጠቀሱትና ጎንበስ ሲልላቸው በሹክሹክታ ተናገሩ።

«አባ፣ ያዘዙኝን አልረሳሁም። ከፋሲካ ማግስት እጀምረዋለሁ።»

«ከፋሲካ ማግስት?»

«ቀን አልቆረጡልኝም እኮ። እኔም ስእለቴ እስኪሞላ ብዬ ነው። ሁለቱም ሳይጣሉ ይፈጸማሉ።»

አባ ቶሎ ወሽመጡ ቁርጥ አለ። እውነት ነው፤ ቀን አልቆረጠም። «ዛሬ» የምትል አንዲት ቃል ለመጨመር ጊዜ አጥቶ ነበር። አሁን እሳቸው ራሳቸው ስላነሱት መናገር ይችላል። ተንበርክኮ እጃቸውን ያዘ፤ እጃቸው በረዶ ሆኗል። «እማማ፣ ለልጅዎ ልንገራት። ይፍቀዱልኝ፤ እባክዎ።»

«በፍጹም! ምሥጢሬ ነው። እሷ ከሰማች አፌን ከፍታ ነው የምታውጠኝ፤ ስእለቴ ባዶ ይቀራል።»

«እንግዲያው ዛሬ ይጀምሩ። ዛሬውኑ! አሁኑኑ!»

ድምፁ ሳያስበው ከፍ አለ። ልጅቱ ከመሰላሉ ላይ ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ «ዛሬ ምንድን ነው አባ?» አለች።

አባ ቶሎ ቀና ብሎ አያት። የሚያስፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። አጠገቡ አሮጊቷ በዓይናቸው እየተማጸኑ እጁን ጨበጥ አደረጉት።

«ዛሬ… ዛሬ ይረፉ ማለቴ ነው» አለ። «ደክሟቸዋል።»

«እኔስ ስንቴ ብያታለሁ!» አለች ልጅቱ ወደ ሥራዋ እየተመለሰች። «እሷ ማንን ትሰማለች?»

«ነገ ጠዋት ንስሐ እገባለሁ» አሉ እማማ ሻማ፣ የካህኑ ፊት አሳዝኗቸው ይመስላል። «ያኔ ይጨቃጨቁኛል።»

በማግስቱ ጠዋት አባ ቶሎ ሁለተኛውን ቤተ ክርስቲያን ትቶ መናዘዣው ውስጥ ተቀመጠ። በሕይወቱ በቸኮለበት ሥራ ሁሉ ተቆጭቶ፣ ዛሬ እስከ ማታም ቢሆን ሊጠብቃቸው ወስኖ ነበር። መጋረጃው ሲገለጥ ግን የመጣችው የእማማ ሻማ ጎረቤት ናት፤ መርዶ ይዛ። እማማ ሻማ ፊታቸውን ሲታጠቡ ወድቀው እዚያው ቀርተዋል።

ቀብሩ ላይ ሾፌሩ ልጅ መጣ። የእናቱን ሬሣ ሣጥን ከፊት በኩል ተሸክሞ፣ ያንን ከአባቱ ቀብር ወዲህ ያልረገጠውን ደጅ አልፎ ገባ። ከቀብሩ በኋላ ካህኑን ገለል አድርጎ «አባ፣ እናቴ ስለ እኔ ምን ትልዎት ነበር?» አለው።

የእናቱን ምኞት ቁምስናው ሁሉ ያውቀዋል፤ ምሥጢር አይደለም። «ለፋሲካ ንስሐ ገብተህ ብትቆርብ ይመኙ ነበር» አለ አባ ቶሎ።

ልጁ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «እመጣለሁ» አለ። «እምላለሁ አባ፣ እመጣለሁ።»

አባ ቶሎ ሊደሰት ይገባው ነበር። እሱ ግን ተናደደ። በአሮጊቷ ተናደደ፣ በራሱ ምላስ ተናደደ፣ እንዲህ ያለውን ስጦታ ዝም ብሎ በተቀበለው በእግዚአብሔርም ተናደደ። ያን ዕለት አልጸለየም።

የሕማማት ሳምንት ገባ። ከፋሲካ በፊት ንስሐ ለመግባት የመጣው ሰው ከመናዘዣው ጀምሮ እስከ በሩ ተሰልፏል። ሐውልቶቹ ሁሉ ሐምራዊ ለብሰው ማን ማን እንደሆነ አይለይም። አባ ቶሎ በመጋረጃው ስንጥቅ ሰልፉን ሲያይ ሾፌሩን አየው፤ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ከሱ ፊት እኅቱ ነበረች። ተራዋ ደርሶ ገባችና ተንበረከከች።

«አባ ይባርኩኝ። እናቴን ገድያታለሁ።»

አባ ቶሎ የተቀመጠበትን ወንበር ጨበጠ። «ምን ማለትሽ ነው?»

«በጾሙ መግቢያ የወትሮው ኪኒን ከፋርማሲው ጠፋ። ሻጩ ያው ነው፣ የሌላ ፋብሪካ ነው ብሎ ሌላ ሰጠኝ። ሐኪሟን መጠየቅ ነበረብኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ አልጠየቅኩም። ስትሞት ሐኪሙ ምን አለኝ መሰልዎ? 'ጭራሽ መድኃኒት ያልወሰደች ሰው ነው የምትመስለው' አለኝ። በየጠዋቱ ስትውጥ ቆሜ አይቻለሁ እኮ አባ! ስለዚህ ኪኒኑ ባዶ ነበር ማለት ነው። እያበጠች፣ ትንፋሽ እያጠራት፣ እኔ በገዛ እጄ ባዶ ነገር እያዋጥኳት ነበር።»

«አንቺ አልገደልሻቸውም» አለ አባ ቶሎ።

«በምን ያውቃሉ?»

ቃሉ አፉ ውስጥ ነበር። ጥርሱን ነከሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ። «አላወቅሽም ነበር» አለ በመጨረሻ፤ «ሳያውቁ የሠሩት ኃጢአት አይሆንም።»

«ማወቅ ነበረብኝ።»

«ልጄ፣ ስሚኝ። ስለምወድሽ አይደለም፣ ላጽናናሽ ብዬም አይደለም። በአንቺ እጅ አልሞቱም።»

«ታዲያ በምን ሞተች?»

ልጅቱ ጠበቀች። ረጅም ጊዜ ጠበቀች። ከዚያ ራሷ «ደግ ነዎት አባ» አለች፤ ሊዋሽላት የሞከረን ሰው እንደምታመሰግን ነበር አነጋገሯ። «ይፍቱኝ ብቻ።»

ሌላ የሚሰጣት ነገር ስላልነበረው ፈታት። እጁን አንሥቶ፣ ያልሠራችውን ኃጢአት ከሠራቻቸው ትንንሽ ኃጢአቶች ጋር አብሮ ይቅር አላት። እሷም በረጅሙ ተነፈሰች።

«አሁን ለወንድሜ እነግረዋለሁ» አለች እየተነሣች። «እናቴን እግዚአብሔር ወሰዳት ብሎ ነው ከቤተ ክርስቲያን የታረቀው። ሳያውቅ ከሚቆርብ እውነቱን ይወቀው።»

«አትንገሪው!» አባ ቶሎ ጣውላውን በእጁ መታ። «ቢያንስ ዛሬ አትንገሪው። እለምንሻለሁ።»

«ለምን አባ? ውሸት ነው እንዴ?»

አፉን ከፈተ። እማማ ሻማ በሹክሹክታ ምሥጢሬ ነው ሲሉት ታየው፤ መቃብራቸው ገና አልደረቀም። ከዚህ በኋላ አንዲት ቃል ቢጨምር ልጅቱ ሁሉንም ትረዳዋለች። አፉን ዘጋ። መጋረጃው ተገለጠና ልጅቱ ወጣች።

በስንጥቁ ውስጥ አያቸው። ወንድሟን ከሰልፉ ሳብ አድርጋ ጆሮው ላይ ተናገረች። መጀመሪያ ያልሰማ ይመስል ጎንበስ አለ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆሞ ፊቷን አያት። ምንም አልጮኸም፤ ያቺ ከእናቱ የወረሳት የተሳለች ምላሱ ምንም አልተናገረችም። እጇን ዘርግታ ልትይዘው ስትል ብቻ እጁን ወደ ኋላ ሸሸገ። ወደ መናዘዣው አንድ ጊዜ ተመለከተ፤ እናቱ ስትዳከም እያየ ምንም እንዳላየ የሆነውን ካህን የሚወቅስ ይመስል ነበር። ከዚያ ኮፍያውን አድርጎ በሰልፉ መካከል አልፎ ወጣ።

የሚቀጥለው ሰው ገብቶ ተንበረከከና ኃጢአቱን መናገር ጀመረ። አባ ቶሎ አልሰማውም። በስንጥቁ ልጅቱን እያያት ነበር። ወንድሟ ቆሞበት ከነበረው ቦታ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጣ እንባዋን በሻሽዋ ታብሳለች። ፊቷ ግን ከገባችበት ጊዜ ይልቅ ረጋ ብሏል፤ እውነቱን ተናግሮ እንደተገላገለ ሰው።